ቀኑ ያልደረሰው ጽሑፍ ለምን ታየ? ስለ ኅትመት ድረ ገጽ አውቶማቲክ ፍተሻ

ጥያቄ፦ ወርድፕረስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር ላይ የተሠራ የኅትመት ድረ ገጽ እናስተዳድራለን። ዋና ዋናው ሥራ የሚሠራው ራሳችን በጻፍናቸው ፕለጊኖች (በወርድፕረስ ላይ በሚጨመሩ ፕሮግራሞች) ነው። በቅርቡ ለማግስቱ የተቀጠረ አንድ ጽሑፍ ‹ተጨማሪ አሳይ› የሚለውን ቁልፍ ለተጫነ አንባቢ ሁሉ ሌሊቱን ሲታይ አደረ። አውቶማቲክ ፍተሻ ነበረን፤ ሁሉም በብሮውዘር የሚሄድ ነው። አንዱ ዙር ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ አንዳንዴም ምንም ሳንነካ ይወድቃል። ስለዚህ ውጤቱን ማየት ትተናል። አለቃችን አሁን ከኮዱ 80 በመቶው በፍተሻ ይሸፈን ብለዋል። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ ከ80 በመቶውም ከብሮውዘሩም በፊት ያመለጠውን ጽሑፍ እናንሣ፤ ሌሎቹ ጥያቄዎቻችሁም የሚፈቱት በእሱ በኩል ነው።

እኔ በቦታችሁ ብሆን መጀመሪያ የምከፍተው ቁልፉ ሲጫን ጥያቄውን የሚቀበለውን ኮድ ነው። እንዲህ ያሉ ቁልፎች አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄያቸውን የሚልኩት አድሚን-አጃክስ ወደሚባለው ፋይል ነው። ፋይሉ የአስተዳደሩ ክፍል አካል በመሆኑ፣ ጠያቂው መለያ ስም እንኳ የሌለው ተራ አንባቢ ቢሆንም፣ ወርድፕረስ ጥያቄውን ከአስተዳደር ገጽ እንደመጣ ይቆጥረዋል። ጽሑፎችን ከዳታቤዝ የሚፈልገው ደብሊውፒ-ኩዌሪ ደግሞ በምን ሁኔታ ላይ ያሉ ጽሑፎችን እንደሚያመጣ በግልጽ ካልተነገረው በሁለት መንገድ ይሠራል። በአንባቢው ገጽ ላይ ከሆነ የወጡትን ብቻ ያመጣል። በአስተዳደር ገጽ ላይ ከሆነ ግን ረቂቆችን፣ ግምገማ የሚጠብቁትንና ቀን የተቀጠረላቸውን ጭምር ያመጣል። አርታኢ የጽሑፎችን ዝርዝር ሲከፍት የሚፈልገው ይህንኑ ስለሆነ አሠራሩ በራሱ ስሕተት አይደለም። ችግሩ ያው የኮድ መስመር በመነሻ ገጹ ላይ በትክክል እየሠራ በአድሚን-አጃክስ በኩል ሲጠራ ምስጢር ማውጣቱ ነው። ማስተካከያው አንድ መስመር ነው፦ የሚፈለገው የጽሑፍ ሁኔታ ‹የወጣ› ብቻ እንደሆነ በግልጽ መጻፍ።

አሁን ይህንን ስሕተት ምን ዓይነት ፍተሻ ሊይዘው ይችል እንደነበር አስቡ። ኮዱን በጥንቃቄ ያነበበ ባልደረባ ያልፈዋል፤ መስመሩ ንጹሕ ነው። ወርድፕረስን በማስመሰያ ተክቶ የፕለጊኑን ፈንክሽን ብቻውን የሚፈትን የአሃድ ፍተሻም ያልፈዋል፤ ማስመሰያው የሚመልሰው እኛ መልስ ብለን የነገርነውን ነውና። በብሮውዘር የሚሄደው ፍተሻ ሊይዘው ይችላል፤ ነገር ግን ለአንዲት ጥያቄ ብዙ ሰከንዶች ያጠፋል። በትክክል የሚይዘው መካከለኛው ነው፦ እውነተኛውን ወርድፕረስ ከእውነተኛ ዳታቤዝ ጋር አስነሥቶ ብሮውዘር ሳይከፍት የሚፈትነው የውህደት ፍተሻ። የኅትመት ሥርዓት አደጋ ያለው በአብዛኛው ክፍሎቹ በሚገናኙበት ቦታ ነው፤ ማን ጠየቀ፣ በየት በኩል ጠየቀ፣ ጽሑፉ በምን ሁኔታ ላይ ነው የሚሉት ሲጋጠሙ። ስለዚህ ጉልበታችሁን በብዛት እዚህ ላይ አፍስሱ እላለሁ። የአሃድ ፍተሻ ሒሳብና የጽሑፍ አቀነባበር ላለባቸው ፈንክሽኖች ይበቃል። የብሮውዘር ፍተሻ ደግሞ በጣት የሚቆጠር ይሁን።

ዝግጅቱ ከባድ አይደለም። ወርድፕረስ በተጻፈበት በፒኤችፒ ቋንቋ ዓለም የፍተሻው መሣሪያ ፒኤችፒዩኒት ነው። ወርድፕረስም በላዩ ላይ የተሠራ የራሱ የፍተሻ መሠረት አለው፤ የወርድፕረስ ገንቢዎች ራሳቸው ዋናውን ኮድ የሚፈትኑት በዚሁ ነው። ወርድፕረስን በትእዛዝ መስመር የሚያስተዳድረው ደብሊውፒ-ሲኤልአይ ለፕለጊን የሚያስፈልጉትን የፍተሻ ፋይሎች በአንድ ትእዛዝ ይፈጥርላችኋል። ሶፍትዌርን ከነአካባቢው ጠቅልሎ የሚያሄደውን ዶከር የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ደብሊውፒ-ኢንቭ ሙሉ ወርድፕረስን ከዳታቤዙ ጋር ያስነሣል፤ ሁሉም ባልደረባ በየኮምፒውተሩ አንድ ዓይነት አካባቢ ይኖረዋል።

እዚህ ላይ ግን ቆም ብላችሁ አንድ ማስጠንቀቂያ እንድታነቡ እለምናለሁ። ይህ የፍተሻ መሠረት ሲነሣ በተሰጠው ዳታቤዝ ውስጥ የተመደበለትን ቅድመ ስም የያዙትን ሠንጠረዦች በሙሉ አጥፍቶ ወርድፕረስን እንደገና ይጭናል። የድረ ገጹን ዳታቤዝ ስምና የይለፍ ቃል በስሕተት በፍተሻው ማዋቀሪያ ፋይል ላይ የጻፈ ሰው የዓመታት ጽሑፎችን በሰከንዶች ያጣል። ለፍተሻ የተለየ ዳታቤዝ ብቻ ሳይሆን የተለየ የዳታቤዝ ተጠቃሚም ፍጠሩ። ያ ተጠቃሚ እውነተኛውን ዳታቤዝ የማየት ፈቃድ እንኳ አይኑረው። የሰውን ጥንቃቄ ከመተማመን ሰርቨሩ ራሱ እንዲከለክል ማድረግ ይሻላል።

መሠረቱ ሁለት ትልልቅ ነገሮችን ያቀልላችኋል። አንደኛው፣ እያንዳንዱን ፍተሻ በዳታቤዝ ትራንዛክሽን (መልሶ ሊሰረዝ በሚችል የለውጦች ጥቅል) ውስጥ አስጀምሮ ሲያልቅ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል፤ አንዱ ፍተሻ የፈጠረው ጽሑፍ ለሚቀጥለው አይተርፍም። ይህ የሚሠራው ሠንጠረዦቹ ኢኖዲቢ የሚባለው የማከማቻ ዓይነት ሲሆኑ ነው። ማይአይሳም የሚባለው ዓይነት ትራንዛክሽን አያውቅምና ከድሮ የተረፈ ሠንጠረዥ ካላችሁ ቀይሩት። ሁለተኛው፣ ጽሑፍ፣ ተጠቃሚና አስተያየት በአንድ መስመር የሚፈጥር ክፍል አለው፤ ኢሜይል የሚልከውንም አካል በማስመሰያ ስለሚተካ ማንም ሰው የፍተሻ ኢሜይል አይደርሰውም። የተላከውን ግን ከማስመሰያው ላይ ማንበብ ስለሚቻል ‹ማሳወቂያው ለትክክለኛው አርታኢ ሄዷል ወይ?› ብሎ መጠየቅ ይቻላል።

የመጀመሪያው ፍተሻችሁ ምን ይሁን? ያመለጠው ጽሑፍ ነዋ። ይሁንና ለ‹ተጨማሪ አሳይ› ብቻ አትጻፉት። አንድ ጽሑፍ ወደ አንባቢ የሚወጣባቸውን በሮች ሁሉ በወረቀት ላይ ዘርዝሩ፦ መነሻ ገጹ፣ የዘርፍ ገጾቹ፣ ፍለጋው፣ አዳዲስ ጽሑፎችን ለማንበቢያ ፕሮግራሞች የሚያደርሰው የአርኤስኤስ ምግቡ፣ ከወርድፕረስ 5.5 ጀምሮ በራሱ የሚሠራው የገጾች ካርታ፣ ለሌሎች ፕሮግራሞች መረጃ የሚሰጠው ሬስት ኤፒአዩ፣ የአጃክስ ቁልፎቹ፣ ‹ተዛማጅ ጽሑፎች› የሚለው ሳጥን፣ ለተመዝጋቢዎች የሚላከው ኢሜይል፣ በመጨረሻም የጽሑፉ የራሱ አድራሻ። ዝርዝሩን ስትጨርሱ የረሳችሁት በር መኖሩን አርታኢዎቹን ጠይቁ፤ ፕሮግራመሮች የማያውቁትን በር ብዙ ጊዜ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ከዚያ ፒኤችፒዩኒት ላይ አንዱን ፍተሻ በብዙ ግብዓት ደጋግሞ የሚያሄደውን መንገድ ተጠቅማችሁ ያንኑ ጥያቄ በየበሩ ጠይቁ፦ መለያ ያልገባ አንባቢ ሲመጣ የወጣው ጽሑፍ ይታያል ወይ? የተቀጠረው፣ ረቂቁና የግል የሆነው ተደብቋል ወይ?

ሁለቱን አብራችሁ ጠይቁ ማለቴ ነው። ‹የተቀጠረው አይታይም› ብቻ ብሎ የሚጠይቅ ፍተሻ ገጹ ባዶ ቢሆን፣ ኮዱ ስሕተት አውጥቶ ቢቆም፣ ሌላው ቀርቶ የበሩ ስም ቢሳሳት እንኳ ያልፋል፤ ባዶ ገጽ ላይ ምንም አይታይምና። በዚያው ገጽ ላይ መታየት ያለበትን ጽሑፍ አብሮ መፈለግ ይህን የሐሰት ማለፍ ይዘጋል። የሌላ ቡድን ፍተሻ እንዳነብ ስጠየቅ በመጀመሪያ የምፈልገው ይህንን ነው፤ ብዙ ጊዜም ጎድሎ አገኘዋለሁ።

ፍተሻው ሲያልፍ ደግሞ ወዲያው አትመኑት። የጨመራችሁትን የማስተካከያ መስመር አጥፉና እንደገና አሂዱት። ካልወደቀ ምንም እየጠበቀ አይደለም። ሲወድቅ የሚያወጣውን መልእክትም አንብቡ፦ ‹እውነት ይጠበቅ ነበር፣ ሐሰት ተገኘ› የሚል መልእክት ከወራት በኋላ ለሚያነበው ባልደረባ ምንም አይነግረውም። ‹የተቀጠረ ጽሑፍ በተጨማሪ አሳይ ቁልፍ በኩል ለአንባቢ ታየ› የሚለው ግን ሥራውን ግማሽ ያደርስለታል። ይህንን ልማድ ለእያንዳንዱ አዲስ ፍተሻ እንድትይዙት እፈልጋለሁ፤ የሚጠይቀው ደቂቃ እንኳ አይደለም።

በኅትመት ሥራ ሁለተኛው አስቸጋሪ ነገር ጊዜ ነው። ቀጠሮን ለመፈተን ብሎ ኮዱን ለደቂቃ የሚያስተኛ ፍተሻ አትጻፉ፤ ይዘገያል፣ በተጨናነቀ ሰርቨር ላይም ይወድቃል። ወርድፕረስ ‹ይውጣ› የተባለ ጽሑፍ ቀኑ ወደፊት ከሆነ ሁኔታውን በራሱ ወደ ‹የተቀጠረ› ይቀይረዋል፤ ለሰዓቱም የሚቀሰቅሰውን ሥራ ይመዘግባል። እናንተ የምትፈትኑት ሦስት ነገር ነው። ሥራው በትክክለኛው ሰዓት ተመዝግቧል ወይ? ሰዓቱ ሳይደርስ ቢቀሰቀስ ጽሑፉ ሳይወጣ ይቀራል ወይ? ቀኑን በዳታቤዝ ውስጥ ወዳለፈ ጊዜ አዙራችሁ ስትቀሰቅሱት ይወጣል ወይ? አንዳቸውም መጠበቅ አይጠይቁም። በራሳችሁ ኮድ ውስጥ ደግሞ ‹አሁን ስንት ሰዓት ነው› የሚለውን ጥያቄ በየቦታው ከመጠየቅ በአንድ ቦታ አድርጉት፤ ፍተሻው የፈለገውን ሰዓት ሊሰጠው ይችል ዘንድ።

የሰዓት ሰቅን በተመለከተ አንድ የተደበቀ ወጥመድ አለ። አዲስ የተጫነው የፍተሻ ወርድፕረስ የሚነሣው በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ነው። ወርድፕረስ የእያንዳንዱን ጽሑፍ ቀን በሁለት መልክ፣ በድረ ገጹ ሰዓትና በዩቲሲ፣ ያስቀምጣል። በፍተሻው አካባቢ ሁለቱ እኩል ስለሆኑ አንዱን በሌላው የተካ ኮድ ያለምንም ችግር ያልፋል፤ በእውነተኛው ድረ ገጽ ላይ ግን ጽሑፉን ሰዓታት ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ያወጣል። የጊዜ ፍተሻዎቻችሁን ቢያንስ በሁለት ሰቅ አሂዱ፤ አንዱ ሙሉ ሰዓት ያልሆነ ልዩነት ያለው ይሁን። ካትማንዱ ከዩቲሲ በ5 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ትቀድማለች፤ ለዚህ ሥራ በጣም ትመቻለች።

በፒኤችፒዩኒት ልትይዙት የማትችሉት የጊዜ ችግርም አለ። የወርድፕረስ ቀጠሮ አስፈጻሚ የሚነቃው አንባቢ ገጽ ሲከፍት ነው። ገጾቻችሁ በሙሉ ከካሽ (አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ከተቀመጠ ቅጂ) የሚሰጡ ከሆነ ፒኤችፒ አይነሣም፤ ፒኤችፒ ካልተነሣ ቀጠሮውም አይፈጸምም። ይህን የሚፈታው ፍተሻ ሳይሆን የሰርቨሩ የራሱ የጊዜ ሰሌዳ አስፈጻሚውን በየደቂቃው እንዲጠራው ማድረግ ነው፤ ሰዓቱ አልፎ ያልወጣ ጽሑፍ ሲገኝ የሚያሳውቅ ክትትልም ጨምሩበት።

ሥልጣንን ለመፈተን ብዙ ማሰብ አይጠይቅም። ‹ኮንትሪቢዩተር› ጽሑፍ ማውጣት አይችልም፤ ‹ኦተር› የራሱን ያወጣል እንጂ የሌላውን አይነካም፤ ‹ኤዲተር› የሁሉንም ያርማል። የራሳችሁ ፕለጊን ያመጣቸው ድርጊቶች በእነዚህ ሁሉ ሚናዎችና መለያ ባልገባ ሰው ይሞከሩ፤ በተለይ ‹አይፈቀድም› የሚለው ጎን። ኦተር የስክሪፕት ኮድ ያለበት ጽሑፍ ሲያስቀምጥ ስክሪፕቱ መወገዱንም ፈትኑ።

ስለ ፊደል ጥቂት ልበል፤ በላቲን ለማይጽፍ ድረ ገጽ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለምና። አብዛኛው የፍተሻ ግብዓት ‹Title 1› ከሚል አጭር የላቲን ጽሑፍ አያልፍም፤ ድረ ገጹ ላይ የሚወጣው ግን ረዘም ያለ የግዕዝ ፊደል ርእስ ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል አመዘጋገብ 3 ባይት ይይዛል፤ በድር አድራሻ ውስጥ ደግሞ እያንዳንዱ ባይት በ3 ምልክት ይጻፋል። አንዱ ፊደል 9 ምልክት ሆነ ማለት ነው። ወርድፕረስ ለጽሑፉ የአድራሻ ስም የመደበው ቦታ 200 ምልክት ነው፤ ስለዚህ ከርእሱ የሚተርፈው 22 ያህል ፊደል ብቻ ነው። በተመሳሳይ ቃላት የሚጀምሩ ሁለት ርእሶች ከዚያ በኋላ ቢለያዩም አድራሻቸው አንድ ይሆናል፤ ወርድፕረስም በሁለተኛው መጨረሻ ላይ ቁጥር በመጨመር ይለያቸዋል። የእናንተ ፕለጊን ከርእሱ ተነሥቶ አድራሻውን ራሱ የሚገምት ከሆነ የሚያገኘው የመጀመሪያውን ጽሑፍ ነው። እንዲሁም ጽሑፍን በባይት የሚቆርጥ ፈንክሽን ፊደሉን መካከል ላይ ሰብሮ ባዕድ ምልክት ይተዋል። ቅንጭብ የሚያዘጋጀው ክፍል በነባሪው ቃላትን የሚለየው በባዶ ቦታ በመሆኑ፣ ቃላቱ ያለ ክፍተት በሁለት ነጥብ ብቻ የተለያዩበትን ጽሑፍ እንደ አንድ ረጅም ቃል ቆጥሮ ሳይቆርጥ ያልፈዋል። የፍተሻ ግብዓታችሁን ከእውነተኛ ርእሶቻችሁና አንቀጾቻችሁ ውሰዱ፤ ረጃጅሞቹን አስቀድሙ።

ወደ ብሮውዘሩ እንምጣ። ያላችሁን ፍተሻ በሙሉ አትጣሉት፤ አብዛኛው የሚጠይቀው ነገር ግን ወደ ውህደት ፍተሻ ሊዛወር ይችላል። በብሮውዘር ሊቀር የሚገባው ብሮውዘር ካልኖረ ሊፈተን የማይችለው ነው፦ ጸሐፊው ገብቶ በአርታኢው ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ምስል ይጨምራል፣ ያወጣል፤ ከዚያ መለያ በሌለው ሌላ መስኮት አንባቢው ያንን ገጽ ይከፍታል። ቀጠሮ መያዝ፣ የወጣን ጽሑፍ ማረም፣ አስተያየት መስጠትም እንዲሁ። ለዚህ ብሮውዘርን በኮድ የሚያንቀሳቅሰውን ፕሌይራይትን እመክራለሁ፤ የወርድፕረስ የራሱ ቡድንም የሚጠቀመው እሱን ነው። ቁልፉ እስኪታይና ሊጫን የሚችል እስኪሆን በራሱ ስለሚጠብቅ የተወሰነ ሰከንድ ጠብቅ የሚሉ መስመሮችን ታስወግዳላችሁ። ሲወድቅም ደረጃ በደረጃ የሆነውን መልሳችሁ የምታዩበት መዝገብ እንዲያስቀምጥ ማድረግ ይቻላል።

‹ያለ ምክንያት ይወድቃል› ያላችሁት ምክንያት አለው። የተለመዱት አራት ናቸው፤ የተወሰነ ሰከንድ መጠበቅ፣ ብዙ ፍተሻዎች በአንድ መለያና በአንድ ጽሑፍ ላይ መሥራታቸው፣ አንዱ ፍተሻ የሌላውን ቅሪት መጠበቁ፣ የውጭ አገልግሎት መዘግየቱ። ሦስተኛውን ለማጋለጥ ፒኤችፒዩኒት ፍተሻዎችን በዘፈቀደ ቅደም ተከተል ማሄድ ይችላል፤ የወደቀበትን ቅደም ተከተል ቁጥሩን ይዛችሁ ትደግሙታላችሁ። መርማሪ እስኪያገኝ ድረስ ግን ወላዋዩ ፍተሻ አዲስ ኮድ እንዲገባ ወይም እንዲከለከል ከሚወስኑት ፍተሻዎች መካከል በዚያው ቀን ይውጣ፤ የሚከታተለው ሰው ስምም ይጻፍበት። የወደቀን ፍተሻ ‹እንደገና አሂደው፣ ያልፋል› ማለት የለመደ ቡድን እውነተኛው ስሕተት ሲመጣም ያንኑ ይላል። እናንተም ውጤቱን ማየት የተዋችሁት በዚህ መንገድ ነው፤ ስንፍና አይደለም።

የፍተሻዎቹ አካሄድ እንዲህ ይሁን። ኮድ በተላከ ቁጥር ፍተሻን በራሱ በሚያሄደው በጊትሃብ አክሽንስ ወይም በመሰለው አገልግሎት ላይ በመጀመሪያ የአሃድ ፍተሻው፣ ከዚያ የውህደት ፍተሻው ይሂድ፤ አንዱ ከወደቀ ኮዱ ከዋናው ቅርንጫፍ ጋር መዋሐድ አይችል። የብሮውዘሩ ጥቂት ፍተሻ ከመዋሐዱ በፊት አንድ ጊዜ ይበቃዋል። ሰርቨራችሁ ላይ ባለው የፒኤችፒ እትምና በሚቀጥለው፣ እንዲሁም በዚያው ዓይነት ዳታቤዝ ላይ አሂዱ። ሌሊት ሌሊት ደግሞ ያንኑ ፍተሻ ገና በልማት ላይ ባለው የወርድፕረስ እትም ላይ አሂዱት፤ አዲሱ እትም ከመውጣቱ በፊት የሚሰበረውን ታውቃላችሁ። በእውነተኛው ድረ ገጽ ላይ የሚሄድ ነገር ካለ የሚያነብ ብቻ ይሁን፦ አዲስ ኮድ ከወጣ በኋላ መነሻ ገጹ፣ አንድ ጽሑፍና የአርኤስኤስ ምግቡ መከፈታቸውን ያይ።

የአለቃችሁ 80 በመቶ ቀርቷል። የሽፋን መለኪያው የሚነግራችሁ ፍተሻው ሲሄድ የትኛው መስመር እንደተነካ ነው፤ ትክክለኛ መልስ መስጠቱን አይደለም። ‹ተጨማሪ አሳይ›ን ጠርቶ ስሕተት አለመውጣቱን ብቻ የሚያይ ፍተሻ ያንን መስመር ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል፤ ጽሑፉም እንደገና ያመልጣል። ቁጥሩን እንደ ግብ ከመያዝ ይልቅ ጨርሶ ያልተነካውን ፋይል ለማግኘት ተጠቀሙበት። ለአለቃችሁ በመቶኛው ፈንታ የበሮቹን ዝርዝር ይዛችሁ ግቡ፦ ጽሑፍ የሚወጣባቸው በሮች እነዚህ ናቸው፣ በፍተሻ የተጠበቁት እነዚህ፣ ያልተጠበቁት እነዚህ። ቀጥሎ የትኛው በፍተሻ ይጠበቅ የሚለውን ከአርታኢዎቹ ጋር ይወስኑ። አዲስ ስሕተት በመጣ ቁጥርም ማስተካከያው ከፍተሻው ጋር አብሮ ካልቀረበ ኮዱን አትቀበሉት።